«ፒክ አፕ» ስንት ትርጉም አለው? በመጀመሪያ የተነሳውን ነገር ይዩ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛው ‹ፒክ አፕ› ማለት ማንሳት ነው ተብዬ ነው የተማርኩት። በቅርቡ አንድ እንግዳ ‹ሒሳቤን መሥሪያ ቤቴ ፒክ አፕ ያደርገዋል› ሲለኝ፣ ወረቀቱን የሚወስድ ሰው ይመጣል ብዬ በፖስታ አሽጌ ጠበቅሁ፤ ማንም አልመጣም። ሌላዋ ‹ጥቂት አማርኛ ፒክ አፕ አድርጌያለሁ› አለች። ሾፌራችን ደግሞ በእንግሊዝኛ ‹ኤርፖርት ሁለት ሴቶች ፒክ አፕ አደረግሁ› ሲል እንግዶቹ ሳቁ፤ የሳቁበት ምክንያት አልገባንም። ይህ ቃል ስንት ትርጉም ነው ያለው? ዝርዝሩን በቃሌ ላጥና ወይስ ሕግ አለው?»

መልስ፦

ትልልቆቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ«ፒክ አፕ» ሥር ከ10 በላይ ትርጉም ይዘረዝራሉ። ቁጥሩን ካወቁ በኋላ ይርሱት፤ ዝርዝሩን በቃልዎ ቢይዙት ኖሮም ወረቀቱን በፖስታ ከማሸግ አያድንዎትም ነበር። ስሕተቱ የመጣው ቃሉን ከጎኑ ካለው ነጥለው ስለተረጎሙት ነው። «ፒክ አፕ» ለብቻው ሲቆም ግማሽ ቃል ነው፤ ሙሉ የሚሆነው ምን እንደተነሳ ሲነገር ነው። የተነሳው ሻንጣ ሲሆን አንድ ሥራ፣ ሒሳብ ሲሆን ሌላ ሥራ፣ ጉንፋን ሲሆን ጭራሽ ሥራም አይደለም፤ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የራሳችንን «አነሳ» ይመልከቱት። ሻንጣ አነሳ፣ ፎቶ አነሳ፣ ጥያቄ አነሳ፣ የሰው ስም አነሳ፣ ክርስትና አነሳ፣ ዕገዳ አነሳ፣ ማዕድ አነሳ። ሰባት ናቸው፣ ሰባቱም የተለያዩ። ዳንግላ ወይም ቢቸና ያደገ ልጅ «ክርስትና ያነሳኝ እሱ ነው» ሲባል የክርስትና አባት ማለት እንደሆነ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አይገልጥም። «አነሳ ሰባት ትርጉም አለው» ብሎ ያስጠናውም የለም፤ ከግሱ ጎን የቆመውን ስም እየሰማ ነው የለየው። እንግሊዞችም «ፒክ አፕ»ን የሚለዩት እንደዚሁ ነው።

ችግሩ የእኛ የ«አነሳ» ዝርዝርና የእነሱ የ«ፒክ አፕ» ዝርዝር የሚገናኙት በጥቂት ቦታ ብቻ መሆኑ ነው። ሻንጣና የስልክ እጀታ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ውጭ ይለያያሉ፦ ፎቶ ማንሳት በእንግሊዝኛ «ቴክ» ነው፣ ጥያቄ ማንሳት «ሬዝ»፣ ዕገዳ ማንሳት «ሊፍት»፣ ስም ማንሳት «ሜንሽን»፣ ማዕድ ማንሳት «ክሊር»። «አይ ፒክት አፕ ኤ ፎቶ» ያሉት ፈረንጅ ከመሬት የወደቀ ፎቶ አንስተዋል ወይም ከፎቶ ቤት ተቀብለው መጥተዋል ብሎ ይረዳዎታል እንጂ በካሜራ አነሱ አይልም። በስልክዎ ያለው ተርጓሚ ግን በአብዛኛው «ማንሳት» ብሎ ነው የሚመልስልዎ፤ ቃሉን ብቻውን ስለሰጡት ሌላ የሚለው የለውም። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ሲሰጡት የተሻለ ይመልሳል።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት «አፕ» ሁልጊዜ «ወደ ላይ» ነው ማለት ነው። «ኢት አፕ» ወደ ላይ መብላት አይደለም፤ ሙልጭ አድርጎ መብላት ነው። «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ መጠጣት ነው። «ስፒድ አፕ» ፍጥነት መጨመር ነው። እኛ በ«ሙልጭ»፣ በ«ጭልጥ»፣ በ«ብድግ» የምንገልጸውን እነሱ በእነዚህ ትንንሽ ቃላት ይገልጹታል። ደግሞም የእኛን «ቁጭ አለ» የሚሰማ እንግዳ «ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ እንስቃለን፤ «አለ» እዚያ ውስጥ መናገር መሆኑ ቀርቷል። «ፒክ አፕ» ውስጥ ያለው «አፕ»ም በብዙ ቦታ ላይነቱ ቀርቷል።

ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ግስ ብቻ ይዞ አገባብ ያልተማረ ተማሪ ቅኔ ልቁጠር ቢል አይሆንለትም፤ ትንንሾቹ አገባቦች ግሱን ወዴት እንደሚወስዱት ካላወቀ ቃላቱ እርስ በርስ አይያያዙም። እንግሊዝኛም ውስጥ «አፕ»፣ «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «አውት» የሚሠሩት ተመሳሳይ ሥራ ነው። ነገር ግን ከቅኔ ቤት የሚመጣ አንድ ልማድ እዚህ ያሳስታል፤ ሰምና ወርቅ መፈለግ። «ፒክ አፕ» ሁለት ትርጉም በአንድ ጊዜ የሚሸከም ኅብር ቃል አይደለም። ተናጋሪው ሆን ብሎ ካልቀለደ በቀር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘው አንድ ትርጉም ብቻ ነው፤ አንዱን ካገኙ ሌላውን አይፈልጉ።

በ«ፒክ» እና በ«ፒክ አፕ» መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ በቡና ማየት ይቀላል። «ፒክ» ብቻውን መልቀም፣ መቅጠፍ ወይም መምረጥ ነው። ጣና ዳር ዘጌ ላይ ቀይ ቀዩን ፍሬ ከዛፉ የሚለቅም ሰው ሥራው «ፒክ ኮፊ» ነው። «ፒክ አፕ ኮፊ» ያለ ሰው ግን ዛፍ አጠገብ አልደረሰም፤ ከሱቅ የታሸገ ወይም ከቡና ቤት የተፈላ ቡና ይዞ መጣ ማለቱ ነው። አደይ አበባ ከመስክ መቅጠፍም «ፒክ» ነው፤ ከአበባ ሻጭ ይዞ መምጣት «ፒክ አፕ» ነው። እንግዳዎ «ዌር ካን አይ ፒክ አፕ ሰም ኮፊ?» ብሎ ከጠየቀ ሱቅ ያሳዩት፤ ወደ እርሻ የሚወስድ ጀልባ አይጥሩለት።

አሁን ወደ ግንዱ። ሁሉም የሚነሳው ከአንድ ሥዕል ነው፦ መሬት ላይ ያለን ነገር በእጅ ብድግ ማድረግ። ከዚህ አንድ ምንጭ ሁለት ወንዝ ይወጣል። አንደኛው «እጅ ውስጥ ገባ» የሚለውን ይዞ ይሄዳል፦ ዕቃ አነሳ፣ ዕቃ ይዞ መጣ፣ ሰው ይዞ መጣ፣ ዕውቀት ያዘ፣ ልማድ ያዘ፣ በሽታ ያዘው፣ ራዲዮው ሞገድ ያዘ። ሁለተኛው «ከፍ አለ» የሚለውን ይዞ ይሄዳል፦ መኪናው ፍጥነት ጨመረ፣ ነፋሱ በረታ፣ ገበያው ደራ፣ የታመመው ተሻለው። የሰሙትን «ፒክ አፕ» ከሁለቱ ወደ አንዱ መመደብ ከቻሉ ግማሹን ጨርሰዋል። ወደ ሁለቱም የማይገባ ጥቂት ይቀራል፤ ለእሱ ሕግ የለውም፣ በየራሱ መያዝ ነው።

ከሒሳቡ እንጀምር፤ ገንዘብ የሚያስወጣ እሱ ነውና። «ፒክ አፕ ዘ ቢል»፣ «ፒክ አፕ ዘ ታብ»፣ አሜሪካኖች ሲሆኑ «ፒክ አፕ ዘ ቼክ» ማለት ወጪውን መቻል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሌላውን ሰው ወጪ። ሥዕሉ ግልጽ ነው፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የሒሳብ ወረቀት ብድግ ያደረገ ሰው እሱ ይከፍላል። እንግዳዎ «ማይ ካምፓኒ ዊል ፒክ አፕ ዘ ቢል» ያለው «እኔ አልከፍልም፣ መሥሪያ ቤቴ ይከፍላል» ለማለት ነው። ወረቀት የሚወስድ ሰው አይመጣም፤ ወረቀቱን መላክ የእናንተ ድርሻ ነው። ትክክለኛው ምላሽ ሁለት ነገር መጠየቅ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ እንደሚከፍል የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አለ ወይ? ኢንቮይሱስ በየትኛው አድራሻ ይላክ? «ዌር ሹድ ዊ ሴንድ ዚ ኢንቮይስ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻውን ነገሩን ያጠራዋል። ይህንን ሳይጠይቁ እንግዳውን ከሸኙ ሒሳቡን ማስከፈል ይከብዳል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ቢል» ወደ «ሪሲት» ሲቀየር ነው። «አይ ዊል ፒክ አፕ ዘ ሪሲት ሌተር» ካለ ከፍሏል፤ ደረሰኙን በኋላ መጥቶ ሊወስድ ነው። «ኪ» ካለ ቁልፉን፣ «ሎንድሪ» ካለ የታጠበ ልብሱን ሊወስድ ነው። እንግዲህ ያልተከፈለ የሒሳብ ወረቀት ሲሆን መክፈል፣ ሌላ ማንኛውም ዕቃ ሲሆን መጥቶ መውሰድ። በመንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ መግዛትንም ይጨምራል፦ «ፒክ አፕ ሰም ብሬድ» ስትመጣ ዳቦ ይዘህ ና ማለት ነው፤ እኛም «ይዘህ ና» ስንል መግዛቱን ሳንናገር ውስጡ እንዳለ ሁሉ።

የሾፌራችሁ ነገር። ሰው በመኪና ሄዶ መቀበል «ፒክ አፕ» መሆኑ ትክክል ነው፤ በሆቴል ሥራ ውስጥ ዋናው ትርጉምም ይኸው ነው። ሆኖም «ፒክ አፕ» ከማያውቁት ሰው ጋር ለፍቅር ጨዋታ ብሎ መተዋወቅን፣ በተለይ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ይገልጻል። «ሁለት ሴቶች ፒክ አፕ አደረግሁ» ሲባል ይኸኛው ትርጉም ብቅ ይላል፤ የተሳቀው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቃሉን መሸሽ አይደለም። «ሴቶች» በማለት ፈንታ «ጌስትስ» ወይም «ፓሴንጀርስ» ይበል፣ ቦታውንም ይጨምር፦ «አይ ፒክት አፕ ቱ ጌስትስ ፍሮም ዚ ኤርፖርት»። እንግዳና ኤርፖርት በተጠሩበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሌላኛው ትርጉም ቦታ አያገኝም። ስለ ፖሊስ ሲወራ ደግሞ «ፒክ አፕ» ይዞ መውሰድ ነው፤ አድራጊው ፖሊስ ከሆነ ሌላ አያስቡ።

«አይ ዊል ሪሲቭ ዩ አት ዚ ኤርፖርት» የሚለውን ከጽሑፋችሁ አውጡት። «እቀበልዎታለሁ» ከሚለው አማርኛ በቀጥታ የተወሰደ ነው፤ እንግሊዝኛው ለዕቃና ለደብዳቤ፣ ለሰው ሲሆን ደግሞ ለትልቅ የክብር አቀባበል ነው የሚውለው። «ሚት» ካላችሁ በር ላይ ቆሞ መጠበቅን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ «ፒክ አፕ» ሲሆን መኪና አለ ማለት ነው፣ እንግዳው ታክሲ አይፈልግም። በከተማችሁ በበላይ ዘለቀ ኤርፖርት የሚወርድ እንግዳ ይህን ልዩነት አምኖ ነው የሚመጣው። የዚህ ተቃራኒ ማድረስ ሲሆን እሱም «ድሮፕ ኦፍ» ነው።

እዚሁ ላይ ከቋንቋው የማይተናነስ የሰዓት ወጥመድ አለ። «ዊ ዊል ፒክ ዩ አፕ አት ሲክስ» ያላችሁት እንግዳ የሚያስበው በራሱ ሰዓት 6 ነው፤ ያ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ነው። ሾፌሩ በእኛ 6 ሰዓት ብሎ ከመዘገበው የስድስት ሰዓት ልዩነት ይመጣል። ቀጠሮ ስትጽፉ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑንም ጨምሩ።

«ጥቂት አማርኛ ፒክ አፕ አድርጌያለሁ» ያለችዎት እንግዳ ክፍል ገብታ አልተማረችም። ይህኛውን በአማርኛ በትክክል የሚገልጸው «ቃረመ» ነው። አጫጁ ካለፈ በኋላ የወደቀውን ዛላ የሚለቅም ቃራሚ እንደሚያደርገው፣ ከገበያ አንድ ቃል፣ ከሾፌር አንድ ቃል እየቃረመች ነው የያዘችው። ስለዚህ «እኔ እንግሊዝኛ እስከ 12ኛ ክፍል ፒክ አፕ አደረግሁ» ማለት አይሆንም፤ እሱ «ለርን» ወይም «ስተዲ» ነው። ልማድም እንደዚሁ ነው፤ በተለይ መጥፎ ልማድ ሳያውቁት የሚያዝ ስለሆነ «ፒክ አፕ» ይወስዳል። አንድን ሥራ ወይም መዝናኛ አስቦ መጀመር ግን «ቴክ አፕ» ነው። ሁለቱን የሚለየው አስቦ መጀመርና ሳያስቡት መያዝ ነው።

ከበሽታ ጋር ሲመጣ የዓረፍተ ነገሩ አቀማመጥ ይገለበጣል፤ አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ደጋግሞ ይሳሳታል። እኛ «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን፤ ያዢው ጉንፋኑ ነው፣ ሰውየው ተያዥ ነው። እንግሊዝኛው «አይ ፒክት አፕ ኤ ኮልድ» ይላል፤ ሰውየው አንሺ፣ ጉንፋኑ ተነሺ። «ኤ ኮልድ ፒክት ሚ አፕ» ካሉ ብርድ በመኪና መጥቶ ወሰደኝ እንደማለት ነው። የሚያገለግለውም ከሌላ ሰው፣ ከምግብ፣ ከውኃ ወይም ከቦታ ለሚያዝ ነገር ነው፤ ጉንፋን፣ የሆድ ሕመም፣ ሌላ ተላላፊ ነገር። ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለካንሰር አይነገርም። እንግዳው «አይ ፒክት አፕ ኤ ስተመክ በግ» ካለዎት ሆዱን ታሟል፤ «በግ» የምትለው ድምፅ እንዳታሳስትዎ፣ ከፋሲካ በግ ጋር ዝምድና የላትም።

በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምንም ተነሺ ከሌለ ወደ አድራጊው ይዙሩ። አድራጊው ሰው ሆኖ ወሬው ስለ ስልክ ከሆነ መልሱ ያው የእኛው ነው፦ «ሺ ኢዝ ኖት ፒኪንግ አፕ» ስልክ አታነሳም። «ፎን» የሚለውን መጨመር ግዴታ አይደለም። አድራጊው ገበያ፣ ሥራ፣ ጤና ወይም አየር ከሆነ ሁለተኛው ወንዝ ላይ ነን። «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ማለት ገበያው እየደራ ነው። ውስጡ የተደበቀች አንዲት ነገር አለች፦ ከዚያ በፊት ቀዝቅዞ ነበር። እንግዳ ጠፍቶ ከርሞ ለጥምቀት ሰሞን ክፍል መያዝ ሲጀምር ቃሉ ልክ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ ለሚሠራ ቤት አይስማማም። የዋጋ መናርን ለመግለጽም አይቸኩሉ፤ የጤፍ ዋጋ ጨመረ ለማለት «ወንት አፕ» ይበቃል። ልጅ አደገ ለማለት ደግሞ «ግሩው አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ» ፈጽሞ አይሆንም።

ነፋስም «ፒክ አፕ» ያደርጋል፤ ጣና ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው «ዘ ዊንድ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ከተባለ ነፋሱ እየበረታ ነውና ወደ ዳር እንዲጠጋ እየተነገረው ነው፤ ነፋሱ ተነስቶ አበቃ ብሎ ከተረዳው አደጋ አለው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ መኪና «ፒክስ አፕ ስፒድ»፤ ፍጥነት ይጨምራል። ራዲዮና ስልክ ሲሆኑ ያው የእኛው «ያዘ» ነው፤ ኔትወርክ አይዝም የምንለውን «ኢት ዳዝ ኖት ፒክ አፕ ኤ ሲግናል» ይሉታል።

ከ«ፒክ አፕ» በኋላ ሌላ ትንሽ ቃል ከተከተለ እንደ አዲስ ግስ ይዩት። «ፒክ አፕ ኦን» ነቃበት፣ አስተዋለ ነው፤ ሳይነገር የታለፈን ስሜት ወይም ፍንጭ ማግኘት። «ፒክ አፕ አፍተር» ሌላው ያዝረከረከውን እየተከተሉ ማስተካከል ነው። «ፒክ አፕ ዌር ዊ ሌፍት ኦፍ» ካቆምንበት እንቀጥል ነው። አሜሪካኖች «ፒክ አፕ ዩር ሩም» ሲሉ ክፍልህን አስተካክል ማለታቸው ነው፤ እንግሊዞች ይህንን «ታይዲ አፕ» ይሉታል። «አፕ» ወድቆ «ኦን» ብቻ ሲቀር ግን ነገሩ ይከፋል፦ «ፒክ ኦን» ሰውን ለይቶ ማጥቃት፣ መተንኮስ ነው። እነዚህ ከሥዕሉ ተነስቶ ለመገመት ያስቸግራሉ፤ ሲገጥሙዎት ይመዝግቧቸው።

ከትርጉም ይልቅ ብዙ ሰው የሚጥለው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። ተነሺው ስም ከሆነ በሁለት መንገድ ይሄዳል፤ «ፒክ አፕ ዘ ባግ» ወይም «ፒክ ዘ ባግ አፕ»። ተነሺው «ኢት»፣ «ሂም»፣ «ኸር»፣ «ዩ»፣ «ዜም» ከሆነ ግን መሐል መግባት ግዴታው ነው፦ «ፒክ ኢት አፕ»። «ፒክ አፕ ኢት» ስሕተት ነው። እኛን የሚያሳስተን የራሳችን ግስ ነው፤ «አነሳሁት» ስንል «ት»ዋ መጨረሻ ላይ ስለምትለጠፍ እንግሊዝኛውንም መጨረሻ ላይ ልንለጥፈው እንሞክራለን። «ፒክ አፕ ኦን» ግን አይከፈልም፤ እዚያ «ኢት» መጨረሻ ላይ ነው፣ «ፒክ አፕ ኦን ኢት»። ተነሺው ረጅም ሲሆን፣ ለምሳሌ «ትናንት በር ላይ የተውከውን ጥቁር ሻንጣ» ሲባል፣ «አፕ»ን ከ«ፒክ» አጠገብ ያቆዩት፤ ሩቅ ከሄደ ሰሚው ይረሳዋል። ለተማሪ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት «ሰምቲንግ» ወይም «ሰምባዲ» የሚለውን በ«ፒክ» እና በ«አፕ» መካከል የሚያስቀምጡት ይህን ለማሳየት ነው፤ ብዙ ሰው ምልክቱን ሳያየው ያልፋል።

ድምፁም ይረዳል። ግስ ሲሆን ክብደቱ «አፕ» ላይ ይወድቃል፣ ሁለት ቃል ሆኖም ይጻፋል። ስም ሲሆን ክብደቱ «ፒክ» ላይ ይመጣል፣ አንድ ቃል ይሆናል፤ እኛም «ፒካፕ» ብለን የወሰድነው ይህንን ነው። ጀርባው ክፍት የሆነውን መኪና «ፒካፕ» ማለታችን ትክክል ነው። «ኤርፖርት ፒካፕ» ግን መኪናውን አይደለም የሚለው፤ የመቀበል አገልግሎቱን ነው፣ በሚኒባስም ይሁን በቤት መኪና። በማስታወቂያችሁ ላይ «ፍሪ ኤርፖርት ፒካፕ» ከጻፋችሁ በነጻ ነው ማለታችሁ ነው፤ የምታስከፍሉ ከሆነ «ፍሪ» የምትለዋን አውጥታችሁ ዋጋውን ጻፉ። ያለፈ ጊዜውን ሲናገሩ ደግሞ «ፒክድ» ሳይሆን «ፒክት» ነው፤ በፍጥነት ሲነገር «ፒክታፕ» ሆኖ ስለሚሰማ ሌላ ቃል እንዳይመስልዎት።

መቼ አይጠቀሙበት? በንግግርና በተራ ኢሜይል «ፒክ አፕ» ምንም ነውር የለበትም። በማመልከቻ፣ በሪፖርት፣ በውል ላይ ግን አንድ ትርጉም ብቻ ያለውን ቃል ይምረጡ፦ ዕቃ ለመውሰድ «ኮሌክት»፣ ወጪ ለመቻል «ፔይ»፣ ለመማር «ለርን»፣ ለመሻሻል «ኢምፕሩቭ»፣ ስልክ ለመመለስ «አንሰር»። ውል ላይ «ፒክ አፕ ዘ ኮስት» ከማለት «ፔይ ዘ ኮስት» ማለት ኋላ ክርክር ያስቀራል። ይኸው መተኪያ ለመፈተሻም ያገለግላል፤ የሰሙትን «ፒክ አፕ» አውጥተው ከእነዚህ አንዱን ሲያስገቡ ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ ትርጉሙን አግኝተዋል። መሥሪያ ቤት ሒሳብን «ኮሌክት» ሲያደርግ ወዲያው ይንገዳገዳል፣ «ፔይ» ሲያደርግ ይቆማል።

ስለዚህ ዝርዝሩን አያጥኑ። ለሥራዎ የሚበቃዎት ሰባት ነው፦ ዕቃ ማንሳት፣ ዕቃ መጥቶ መውሰድ ወይም ገዝቶ መምጣት፣ ሰው በመኪና መቀበል፣ ስልክ ማንሳት፣ ወጪ መቻል፣ ዕውቀትና ሕመም መያዝ፣ መድራትና መበርታት። ለእያንዳንዱ የደብተር አንድ ገጽ ይስጡ። በገጹ ራስ ላይ የአማርኛ ፍቺ ሳይሆን የተነሺዎቹን ስም ይጻፉ፤ «ቢል፣ ታብ፣ ቼክ» በአንዱ፣ «ጌስት፣ ፓሴንጀር» በሌላው። ከሥሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከራስዎ ሥራ ያውጡ፤ አንዱ ባለፈ ጊዜ፣ አንዱ «ኢት» ወይም «ዜም» መሐል የገባበት፣ አንዱ ጥያቄ። በሳምንት ሁለት ገጽ በቂ ነው፤ ሰባቱንም በአንድ ቀን የያዘ ሰው ያምታታቸዋል፣ ምክንያቱም ቃሉ አንድ ስለሆነ ገጾቹ በአእምሮ ውስጥ አይለያዩለትም። ከመጽሐፍ የወጣ ዓረፍተ ነገር አይቅዱ፤ የማይጠቀሙበት ነው።

በሥራ ላይ እያሉ ያልገባዎት «ፒክ አፕ» ከመጣ ዝም ብለው አይገምቱ፤ በተለይ ገንዘብና ሰዓት ካለበት። «ሶሪ፣ ሁ ዊል ፔይ?» ወይም «ሶሪ፣ ሁ ዊል ካም፣ ኤንድ ዌን?» ብሎ መጠየቅ ያልተማረ አያሰኝም። የታሸገውን ፖስታም ይክፈቱትና፣ ወረቀቱን ከእንግዳው መሥሪያ ቤት አድራሻ ጋር ዛሬውኑ ለሒሳብ ክፍላችሁ ያስተላልፉት።